ልጆቻችን ያጸዱትን ሰፈር ስለ መጠበቅ
(በሰፈራችን ልማት ማኅበር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተማሪ ልጆቻችንና ስለ ቆሻሻ ጉዳይ ነው።

እንደምታውቁት ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ያለውን መንገድና ቦይ አጽድተዋል። ፌስታሉን፣ የሃይላንዱን ጠርሙስ፣ የጫቱን ገራባ ለቅመው በማዳበሪያ ሞልተዋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ የእኛዎቹ ያቦኩት ግን ለሰፈሩ ሁሉ በቅቶ ነበር። ነበር ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዳሜ የጸዳውን ቦይ ልጆቹ ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተመልሶ ሞልቶ አገኙት። ይህን የጣለው ልጅ አይደለም፤ በጨለማ ከቤቱ ተሸክሞ የወጣ አዋቂ ሰው ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር እንጂ ቆሻሻ እንዲለቅም አይደለም» ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። ከቦዩ ውስጥ ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ ስለተገኘ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ልጆቹ ደግሞ ጽዳቱን አንተውም ብለዋል። እኛም ሥራው ይቀጥል፤ አደጋው ግን ለልጅ አይሰጥ እንላለን።

ወገኖች፤ ቆሻሻ ከደጃፍ ስለራቀ ጠፋ ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ቦዮች የሚወርደው ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ውሃ የለማውን ጎመንና ሰላጣ መልሰን ከገበያ እንገዛዋለን። በመኪና የተጫነውም ቢሆን አንድ ቦታ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ሕፃናትም ነበሩበት። በሰፈራችንም ቦዩ እንደተደፈነ ሐምሌ ከገባ፣ ጎርፉ የሚገባው ከድልድዩ በታች ባሉት ቤቶች ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

1ኛ/ ከእንግዲህ ቦይ ውስጥ የሚገባው አዋቂ ብቻ ነው። ልጆች ከመንገድ ዳር ወረቀትና ላስቲክ ይለቅማሉ፤ ጓንትና ሳሙና ማኅበሩ ይገዛል።

2ኛ/ ምላጭ፣ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ተደርጎ፣ ምን እንደሆነ እየተነገረ ለጽዳት ሠራተኞቹ ይሰጥ። የቆሻሻውን ክፍያ ስለምንከፍል በጨለማ መጣል የሚያስፈልገው ሰው የለም።

3ኛ/ ደህና ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው ይሸጥ። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ ገበያ ስንወጣ ዘንቢላችንን እንያዝ።

4ኛ/ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከየቤቱ አንድ አዋቂ አካፋ ወይም ዶማ ይዞ ድልድዩ ጋ ይገኝ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን አይገደዱም።

በመጨረሻም፣ ሌሊት ሲጥል የታየ ሰው ቢኖር ጠብ አይነሳ። «ይህን እኮ ልጆች ናቸው ያጸዱት» ይባል፤ የራሱም ልጅ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።



የማኅበሩ ጸሐፊ