ነዳጁ ሲወደድ የእኛስ ደመወዝ?

ከማንጋፍ ብዙም ሳይርቅ ትልቁ የቡርጋን ነዳጅ አለ። ኩዌት ከ1946 (በፈረንጆች) ጀምራ ነዳጅ ወደ ውጭ ትሸጣለች። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሀብት እያለ የእኛ ደመወዝ ለምን አነሰ? ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በ2010 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። የእኛ ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የመጣው በ2015 ነው። በ2016 ዝቅተኛው ደመወዛችን 60 ዲናር ተባለ፤ በ2017 ለድርጅት ሠራተኞች 75 ሆነ። ነዳጅ ሲወደድ ለእኛ ጭማሪ የለም፤ ሲረክስ ግን ማዳም "እስቲ ታገሺ" ትላለች።

ሕጉ ግን በቀን ቢበዛ 12 ሰዓት ሥራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል። እባካችሁ ደመወዝ ስትቀበሉ ቀኑንና መጠኑን በደብተር ጻፉ። ገንዘቡን ቆጥራችሁ ሳትይዙ አትፈርሙ።