የእጅ ስልክና የባለ ሱቁ መዝገብ



ለቡ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሠፈር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ በዚሁ አቅራቢያ ይገኛል። ይሁን እንጂ የሠፈሩ የዕለት ኑሮ የሚንቀሳቀሰው በባቡሩ ሳይሆን፣ ሙዚቃ ቤትና መብራት ኃይል እየተባሉ በሚጠሩት አካባቢዎች መንገድ ዳር በተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች ነው። ከእነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያገኛል። አንደኛው ከእጅ ብዛት ጠርዙ ያለቀው የዱቤ ደብተር ነው፤ ሁለተኛው የቴሌብርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ደብተሩን የሚጽፈው ባለ ሱቁ ራሱ ሲሆን፣ በዚያ ቁጥር የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመዘግበው ግን ሌላ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ሁለተኛው መዝገብ ለአነስተኛው ነጋዴ ምን እንዳመጣለትና ምን እንደሚጠይቀው መመርመር ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከቤተ መንግሥትና ከመሥሪያ ቤት ብዙም ሳይርቅ ቆይቷል። የእጅ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ሲጀመርም የባለጸጋ መታወቂያ እንጂ የባለ ሱቅ መሣሪያ አልነበረም። ጎረቤት ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤምፔሳን ሥራ ላይ በማዋል ገንዘብ በስልክ ሊላክ እንደሚችል ለዓለም አሳየች። በኢትዮጵያ ነገሩ ወደ ሰፊው ሕዝብ የዘለቀው ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ በኋላ ነው። አገልግሎቱ *127# በመደወል በተራው ስልክም ስለሚሠራ፣ ዘመናዊ ስልክ መግዛት ያልቻለውም ሰው አልቀረበትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ፣ አሽከርካሪው ሁሉ ገንዘቡን በስልኩ መያዝ ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኤምፔሳም ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

ብዙዎች የዚህን ለውጥ ጥቅም በፍጥነት ይመዝኑታል። ዝርዝር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ቀረ፤ ለአከፋፋይ ለመክፈል ሱቅ ዘግቶ መርካቶ መውረድም ቀነሰ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚበልጠው ቁም ነገር መዝገቡ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ ሲሠራ የኖረው ያለ ጽሑፍ ነበር።

የዚህም ጉዳት በ2009 ዓ.ም. ክረምት ጎልቶ ታይቷል። በዚያ ወቅት የሒሳብ መዝገብ የማይዙ ነጋዴዎች ግብር በቀን ገቢ ግምት እንዲወሰን ሲደረግ፣ በአዲስ አበባ ብርቱ ቅሬታ ተነሣ፤ በኦሮሚያም እንደ አምቦ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ገማቹ «ይህን ያህል ትሸጣለህ» ሲል፣ ነጋዴው «አልሸጥም» ከማለት በስተቀር በእጁ ማስረጃ አልነበረውም። መዝገብ የሌለው ሰው ስለ ራሱ ሥራ እንኳ ምስክር ማቅረብ አይችልም። በአንጻሩ በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው አነስተኛ ብድር፣ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ሳይጠየቅ የደንበኛው የገንዘብ እንቅስቃሴ እየታየ የሚሰጥ ነው። መዝገብ ያለው ድሃ ዋስ እንዳገኘ ይቆጠራል።

ይሁንና የስልኩ መዝገብ ያልተገራ ምስክር ነው። የገባውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አይለይም። ለምሳሌ አንድ ባለ ሱቅ በአንድ ቀን 20,000 ብር በስልኩ ገባለት ቢባል፣ ከዚህ ውስጥ 6,000 ብሩ ያለፈው ወር የዱቤ ክፍያ፣ 5,000 ብሩ የደረሰው ዕቁብ፣ 2,000 ብሩ ወንድሙ ለእናታቸው መድኃኒት የላከው ሊሆን ይችላል። የዕለቱ ሽያጭ 7,000 ብር ብቻ ነው፤ የዕቃው መግዣና የቤት ኪራዩ ሲቀነስ ደግሞ ትርፉ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ይህን መለየት የማይችል ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የራሱ ያልሆነውን ትርፍ መስሎት ይበላዋል፣ ሌላው መዝገቡን ባነበበ ጊዜም መልስ ያጣል። አንዳንዱ ባለ ሱቅ ቁጥሩን ለጥፎ እያለ «ጥሬ ብር ይሻላል» የሚለው ከዚህ ሥጋት የተነሣ ቢሆን ሊያስገርም አይገባም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የሱቁን ቁጥር ከቤቱ ቁጥር መለየት፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ የስልኩን መልእክቶች ከደብተሩ ጋር ማመሳከርና ከእያንዳንዱ ገቢ አጠገብ «ሽያጭ»፣ «ዱቤ»፣ «ዕቁብ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ገዢው ከፍያለሁ ብሎ የሚያሳየው ምስል ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘቡ በራስ ሒሳብ መግባቱን ሳያረጋግጡ ዕቃ አለመስጠት፣ የምሥጢር ቁጥርንም ለተላላኪም ሆነ ለዘመድ አለማዋስ ተገቢ ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ስልኩ ዝም ስለሚል፣ ደብተሩ ከመደርደሪያው መውረድ የለበትም።

የሒሳብ ሙያ ባለቤቶች እስካሁን አገልግሎታቸውን በአብዛኛው የሰጡት ሊከፍላቸው ለሚችል ድርጅት ነው። የለቡ ባለ ሱቅ ኦዲተር አይቀጥርም፤ አቅሙም የለውም። ነገር ግን ገቢን ከትርፍ፣ የሱቅን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ መለየት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው የሚችል ነገር ነው። ማኅበሩ ከአባላቱ ጥቂቶቹን በዓመት ለጥቂት ቀናት ወደ እንዲህ ያሉ ሠፈሮች ቢያሰማራ፣ ሙያው ከተነሣበት ዓላማ አይወጣም። በስልኩ ውስጥ ያለውን መዝገብ አበዳሪው ያነበዋል፤ ግብር ሰብሳቢውም ሊያነበው ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው ግን ባለቤቱ ነው።