የመኪናችሁ ሞተር ምን እየተነፈሰ ነው?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው የፎገራ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሩዝ ከማሳ ወጥቶ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በአይሱዙ ተጭኖ ነው። ቲማቲም ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የመኪናው ሞተር ወርዶ ጋራዥ ሲተኛ በማዳበሪያ፣ በመስኖና በጉልበት የተደከመበት ምርት ማሳ ዳር ይበሰብሳል፤ ደላላውም ችግሩን አይቶ ዋጋ ይሰብራል። ስለዚህ የሞተር ነገር ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም።

የዛሬው ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው፤ ሞተሩ አየር የሚስብበት መንገድ በቤት ውስጥ ሲለወጥ ምን ይከተላል? ልማዱ የታወቀ ነው። አንዱ የፊልትሮውን ቤት በመሰርሰሪያ ይበሳዋል። ሌላው "መኪናው ይተንፍስ" ብሎ ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥቶ ይጥላል። ሦስተኛው የተቀደደውን ማኒኮቶ በካላማዳሪያ ጠቅልሎ በሽቦ ያስራል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጣ።

ጉልበት ማጣቱ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የፊልትሮው ላይሆን ይችላል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጅቡቲ ወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደብረ ታቦር ሲደረስ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአየሩም ጉድለት ከሩብ ያልፋል። ናፍጣ ያለ አየር አይቃጠልምና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን በከፊል ይሞላል። ቱርቦ የሌለው ግን ፊልትሮው ቤት አሥር ቦታ ቢበሳ የሚያገኘው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። የሚጨምረው ድምፁ ነው፤ ድምፁን የሰማ ሾፌር ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል።

በቀዳዳው የሚገባው ደግሞ አየር ብቻ አይደለም። 1 ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ በወረታ ከፍታ ሲለካ ከ60 በርሜል በላይ አየር ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት በደረቁ የአፈር መንገድ ላይ ይህን ሁሉ አየር ሳያጣሩ መሳብ ሞተሩን አፈር ማብላት ነው። ዓይን የማያየው ደቃቅ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ቱርቦም ቢሆን አይተርፍም፤ መዘውሩ በደቂቃ 100,000 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚሽከረከር በመሆኑ የአቧራ ቅንጣት ጠርዙን ትበላዋለች። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ በመጨረሻም ይወርዳል።

በፎገራ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሩዝ ገለፈት ሲቃጠል አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የአመዱም አብዛኛው ክፍል ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት ማዕድን ነው። ስለዚህ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣው ብናኝ ለስላሳ ቢመስልም ለሞተር ክፉ ነው። መፈልፈያ ደጃፍ ወረፋ የሚጠብቅ መኪና ሞተሩን ማጥፋት አለበት። መፈልፈያውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተርም አየሩን ከክፍሉ ውጭ በቧንቧ ቢስብ ይሻላል።

ታዲያ በቤት ውስጥ ምንም አይነካም ማለት አይደለም። የሚጠቅመው ለውጥ የአየሩን አፍ ከፍ ማድረግ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ የሚወጣ ቧንቧ ከመንኮራኩሩ አቧራ ርቆ ንጹሕ አየር ያገኛል። የቧንቧው ውፍረት ከፋብሪካው እንዳያንስ፣ መታጠፊያው እንዳይበዛ፣ አፉ ከማርሚታው ጭስ የራቀና ከዝናብ የተከለለ እንዲሆን ያስፈልጋል። መጋጠሚያው ሁሉ በደህና ፋሸታ ይጥበቅ። ካላማዳሪያ እዚህ ቦታ የለውም፤ ሞተሩ ሲስብ ይጣበቅና መንገዱን ይዘጋል።

ልፋቱ መሳካቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ማኒኮቶ ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ከፊልትሮው በኋላ ወይም በፊልትሮው ዙሪያ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ፊልትሮ አያያዝ ላይም ብዙ ስህተት ይታያል። የወረቀት ፊልትሮን በጎማ ላይ መደብደብ ወረቀቱን ይቀደዋል። በኮምፕረሰር የሚነፋ ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ውስጠኛው ትንሹ ፊልትሮ ካለ አይነፋም፤ ይለወጣል። በየቀኑ ከፍቶ ማየትም ጉዳት አለው፤ ጥቂት አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ የበለጠ ያጣራል፤ በተከፈተ ቁጥር ግን አቧራ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተሮች ስፖንጅ ካላቸው ነገሩ ሌላ ነው፤ ስፖንጁ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ነክቶት ተጨምቆ ይመለሳል። ስፖንጁን ጥሎ መሐረብ ማሰር አያዋጣም።

ክረምቱም አይረሳ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ማጥለቅለቃቸው ይታወሳል። የአየሩ አፍ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ መኪና እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ሲገባ በአየር ፈንታ ውኃ ይስባል። አየር ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም፤ ስለዚህ ቢዬላው ይጣመማል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ደጋግሞ ማስነሳት ክልክል ነው። መኪናው ተጎትቶ ይውጣ፣ መካኒክም ኢንጀክተሩን ፈትቶ ውኃውን ያውጣ።

ለዩኒየኑ ቦርድ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይቅረብ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለሚያቀርብ ዩኒየን የአየር ፊልትሮ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ማከፋፈል አይከብደውም። አሁን አርሶ አደሩ ፊልትሮውን የሚበሳው አዲሱን በቅርብ ስለማያገኘው ጭምር ነው። የአይሱዙና የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ቁጥር በየማኅበሩ በጥቅምት ተመዝግቦ ቢቀርብ፣ የመስኖው ሥራ ሳይጀመር ፊልትሮው መጋዘን ሊገባ ይችላል።