ፍሪዘሩ ሲሞቅ ምርመራው ከየት ይጀምር?
ከዜሮ በታች እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያቀዘቅዝ የተሠራ የላቦራቶሪ ፍሪዘር ሙቀቱ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኮምፕረሰሩ ነው። እኔ ግን ምርመራው ከሙቀት መውጫው ይጀምር እላለሁ። ፍሪዘር ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ የለቀመውን ሙቀት በኮንደንሰሩ በኩል ወደ ክፍሉ ያስወጣል። የኮንደንሰሩ የአየር ማጣሪያ በአቧራ ከተደፈነ ወይም ፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ጤነኛው ኮምፕረሰርም ያለ እረፍት ሲሠራ ቆይቶ በመጨረሻ እውነትም ይበላሻል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከባሕር ጠረፍ አየር ያነሰ ነው፤ እዚህ አቧራን ችላ ማለት ዋጋው ይከብዳል። ቀጥሎ የሚታየው በሩ ነው፤ በበሩ ጎማ አንድ ጎን ብቻ የተጋገረ በረዶ እርጥብ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ይጠቁማል። ቮልቴጅ ሲወርድም ኮምፕረሰሩ መነሳት ስለሚያቅተው የተበላሸ ይመስላል።

«ናሙና እየቀለጠ አቧራ መጥረግ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ናሙናውን ወደ መጠባበቂያ ፍሪዘር ማዛወር ይቅደም። ማጣሪያውንና ቮልቴጁን ማየት ግን በር ሳይከፈት በደቂቃዎች ያልቃል። «መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው» ለሚሉም፣ ያ ቁጥር የሚናገረው ዳሳሹ ስላለበት አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ መደርደሪያ ራሱን የቻለ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሙቀቱ አልወርድ ካለ፣ ያኔ ቴክኒሻን ይጠራ፤ የማቀዝቀዣ ጋዝ መፍሰስን ወይም በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ፍሪዘሮች ውስጥ ተጋግዘው ከሚሠሩት ሁለት ኮምፕረሰሮች የአንዱን መድከም የሚለየው እሱ ነው።