መፈንቅል
በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ማሳውን ከድንጋይ የሚያጸዳ ገበሬ ድጅኖውን ከቋጥኙ ሥር ይሰካል፤ ከሥሩ ጠጠር ያለ ድንጋይ ያስደግፍና ጫፉን ወደ ታች ይጫናል። ቋጥኙ ይፈነቀላል። መፈንቅል ማለት ይኸው ነው።

ከድጋፉ እስከ እጁ 160፣ እስከ ቋጥኙ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የ20 ኪሎ ጫና 160 ኪሎ ያነሣል። በነጻ ግን አይደለም፦ ቋጥኙ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል እጅ 8 ስንዝር ይወርዳል። ድጅኖው አጭር ከሆነማ ጎረቤት መጥራት ነው!

ቃሉ ከማሳ ተነሥቶ ቤተ መንግሥትም ገብቷል። ወንድማማቾቹ መንግሥቱና ግርማሜ ንዋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የሞከሩትን «መፈንቅለ መንግሥት» ስንል፣ መንግሥትን ቋጥኝ አድርገነዋል። ያኔ ቋጥኙ ተነቃነቀ እንጂ አልተገለበጠም።