ስለ በዓል ሻማና ጧፍ ቀለም
(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መዋጮ አይደለም የምናገረው፤ ስለ ጧፍና ስለ ሻማ ቀለም ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም፤ ከመካከላችን በዚሁ ሥራ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉና።

እንደምታውቁት አንድ የሞጣ ነጋዴ ለገና ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ሻማ ሥሩልኝ ብሎናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ አባሎቻችን እዚሁ ብቸና ገበያ የአክርማ ቀለም ገዝተው መጡ። እኔ ቆዩ ያልሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ ሞክሬ ነበር። ቀዩን ዱቄት በቀለጠው ሰም ላይ ነሰነስሁና አማሰልሁት። ላይ ላዩን ሲቀላ ደስ አለኝ። ሌሊት ሲበራ ግን ቱሽ ቱሽ እያለ ጠፋ፤ ቢለኩሱትም አልነድ አለ። የያዙት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እጅግ አፈርሁ።

ምክንያቱን በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። የአክርማ ቀለም በውኃ የሚፈላ ነው፤ ሰም ግን የቅባት ወገን ነው። ዱቄቱ ሳይሟሟ ከታች ይዘቅጣል፤ የቀረውም ክሩ ውስጥ ገብቶ ሰሙ ወደ እሳቱ እንዳይወጣ ይደፍነዋል። እናቶች ይህን ከወጥ ያውቁታል። በርበሬ በዘይት ሲቁላላ ዘይቱ ይቀላል፤ ቀይ ሥር ግን ውኃውን ነው የሚያቀላው። እንግዲህ በዘይት የሚሟሟ ቀለም ለሰም ይሆናል፤ በውኃ ብቻ የሚሟሟው አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ቁንጥር ያህል በሞቀ ዘይት ሞክሩ። ታዲያ በርበሬ ጨምሩ ማለቴ አይደለም፤ አገሩን ሁሉ ያስነጥሰናል! እርድ ግን በቀለጠ ሰም ቆይቶ በንጹሕ ጨርቅ ከተጠለለ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይደበዝዛል።

ደግሞስ ሰሙ ራሱ ቀለም አለው እኮ። ንብ ስታወጣው ነጭ ነው፤ ቢጫ የሚያደርገው የአበባው ብናኝና ከዛፍ የምታመጣው ሙጫ ነው። ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ከሚቆረጠው ማር የሚገኘው አዲስ ሰፈፍ ብሩህ ቢጫ ይወጣዋል። እጭ ሲፈለፈልበት የከረመ አሮጌ እንጀራ ግን ጥቁር ቡናማ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አቅልጡ፤ ከተቀላቀሉ ብሩሁ ይጠፋል።

በብረት ድስት አታቅልጡ፤ ሰሙን ያጠቁረዋል። የዝናብ ውኃ ከተገኘ በእርሱ አጥሩት። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ዕቃውን በፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። እሳት ላይ በቀጥታ ከተንተከተከ ይጠቁራል፤ እሳትም ይይዛል።

ነጭ የፈለገ ሰሙን በቢላ ስስ አድርጎ ይፋቅ፤ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ውኃ እየረጨ፣ እያገላበጠ ለብዙ ቀን ፀሐይ ያስመታው። በግሪክ አገር ክርስቲያኖች ለስቅለት ያልነጣ ቢጫ ሰም ያበራሉ፤ ለትንሣኤ ደግሞ ነጭ። ሁለቱም ከዚያው ከንብ ሰም የሚገኙ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጧፍ ቀለም አይግባበት፤ ሞራም ሆነ ፓራፊን አይቀላቀልበት። ለስለት የሚገዛው ሰው የንብ ሰም ነው ብሎ አምኖን ነው። ሁለተኛ፣ የነጋዴውን ትእዛዝ እንቀበል፤ ነጩን እኛው እናነጣለን፤ ለቀዩና ለአረንጓዴው ግን ለሻማ ተብሎ የተሠራውን፣ በቅባት የሚሟሟውን ቀለም ራሱ ያምጣልን። ሦስተኛ፣ ከየቀለሙ አስቀድመን አንድ አንድ ሻማ ሠርተን እስከ መጨረሻው እናንድድ፤ ሳይጠፋ ካለቀ ሌላውን እንሥራ።

ዲማ ጊዮርጊስ ቅርባችን ነው። ሰምና ወርቅ ለይቶ ባስተማረ አገር ተወልደን ሰምና ሞራ መለየት አያቅተንም። የገዙት የአክርማ ቀለምም አይጣል፤ ለሌማትና ለአገልግል ይሁን።

እግዚአብሔር ለበዓሉ በሰላም ያድርሰን።