ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መደገም



የአዊ ሰው ፈረሱን እንዴት እንደሚያከብር፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ፈረስ በሚውልበት ሜዳና በሚያድርበት ጋጣ አፈር ውስጥ ለዓይን የማይታይ የመንጋጋ ቆልፍ ዘር አለ። ይኸውም በፈረስና በከብት አንጀት አልፎ ከፋንድያውና ከእበቱ ጋራ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በመሬትም ብዙ ዘመን ሳይሞት ይቆያል። እሾህ የወጋው እግር፣ ባልነጻ ምላጭ የተቆረጠ እትብትም በር ይሆኑለታል።

ዘጊ አናዳና ትክትክ በሳልና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉና፣ የጎረቤት ልጅ መከተብ ላልተከተበው ጥቂት ይረዳዋል። መንጋጋ ቆልፍ ግን ከአፈር የሚመጣ ስለ ሆነ የአንዱ መከተብ ለሌላው አይተርፍም። ታሞ የዳነ ሰው እንኳ ዳግመኛ ሊያዝ ይችላልና መከተብ ይገባዋል።

የሚያስደንቀው ግን መድኃኒቱም ከፈረስ መገኘቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ፣ መርዙን በጥቂት በጥቂቱ የለመደ እንስሳ ደም መርዙን እንደሚያከሽፍ በርሊን ላይ አሳዩ። ከዚያም በኋላ ይህ ማርከሻ በብዛት ከፈረስ ደም ይወጣ ጀመር። ነገር ግን ከእንስሳ የተዋሱት ኃይል በሰው ገላ ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይሰነብትም። በ1920ዎቹ ጋስቶን ራሞን የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አብርዶ ክትባት አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ገላ መከላከልን ራሱ ይማራል። ሆኖም ያልተከለሰ ቀለም ከተማሪ ልብ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ይህም ካልተደገመ ይደክማል።

ሕፃን በተወለደ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሦስቱንም በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ይሰጠዋል። ይህ መሠረቱ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ ማጠናከሪያ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ ደግሞም ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ እንዲሰጥ ይመክራል። ከቶ ያልተከተበች ሴት 5 ጊዜ ትከተባለች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ በየዓመቱ ነው። የእናቲቱ መከላከያ በደሟ ወደ ፅንሱ ያልፋልና፣ ገና ያልተከተበውን አራስ ሕፃን የሚጠብቀው ይኸውና የእትብቱ ንጽሕና ነው።

ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. ይህን የአራሶች በሽታ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ከ1 በታች ማድረሷ ተመስክሮላታል። ስለዚህ «በሽታው ጠፍቷል» የሚል ቢገኝ፣ የዳንግላም ሆነ የእንጅባራ መምህር፣ ዘሩ ከአፈሩ እንዳልጠፋ ይንገረው። ሚስማር የወጋው ተማሪም ቁስሉ ቢያንስ እንኳ በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ የክትባት ካርዱን ይዞ ወደ ጤና ኬላ ይሂድ፤ በዚያ የሚጠየቀው የመጨረሻው ክትባት የተሰጠበት ቀን ነውና።